ጥፍር የገባባት ኩባያ

የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የአውሮፕላናችን ግራ ክንፍ ተጎታቹ ላይ ተጭኖ በገመድ ታስሯል፤ አባዬ ቀኙን ክንፍ በጨርቅ እየወለወለ ያፏጫል። እኔ ጥግ ካለው መደርደሪያ ሥር ተንበርክኬ የፕላስቲክ ኩባያዎችን አንድ በአንድ በጥፍሬ እየተጫንኩ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ የበረራ ቱታውን ለብሶ ገባና አይቶኝ ሳቀ።

“ጥፍሬ፣ ዛሬም?” አለኝ።

ስሜ ተረስቶ ጥፍሬ ሆኜ የቀረሁት በእነዚህ ኩባያዎች የተነሳ ነው። አባዬ ባትላሜራ ነው፤ የተጋጨ መኪና ቀጥቅጦ፣ አቃንቶ፣ ስቱኮ ቀብቶ እንደ አዲስ የሚመልስ። በእሱ ጋራዥ ግማሽ ላይ ሦስታችን ሞተር የሌላት፣ በገመድ ተጎትታ የምትነሳ አንድ ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ስንሠራ ከርመናል። አጥንቷ እንጨት፣ ቆዳዋ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚይዘው ሙጫ ብቻ ነው። ሙጫው በሁለት ቆርቆሮ ይመጣል፤ አንዱ ራሱ ሙጫው፣ ሌላው ማጠንከሪያው። ሁለቱ በትንሿ ሚዛን ተመዝነው ይቀላቀላሉ።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሙጫ በተቀላቀለ ቁጥር የተረፈው ኩባያ ውስጥ ይፈሳል፤ ኩባያው ላይ የትኛው ቦታ እንደተጣበቀ ይጻፋል፤ የቀላቀለው ሰው ምልክቱን ያደርጋል። የኔ ሦስት ማዕዘን፣ የጋሼ ክብ። ሲነጋ ኩባያው በጥፍር ይፈተሻል። ኩባያው ድንጋይ ከሆነ ክንፉ ውስጥ ያለውም ድንጋይ ነው። ጥፍር ከገባበት ግን የክንፉ ውስጥም እንደዚያው ነው ማለት ነው። ክንፍ አንዴ ከተዘጋ ወዲያ ውስጡን የሚያይ ዓይን የለም፤ ምስክሩ ኩባያው ብቻ ነው። አባዬ ምልክት የለውም፤ መቀላቀል ከልክዬው ነበር። በዓይኑ ነው የሚመዝነው። የከለከልኩት ቀን “ልጅ አሳድጌ አለቃ አመጣሁ” ብሎ ሳቀ፤ ትንሽ ግን ከፍቶት ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ነው የምማረው። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ክንፍ ይስላሉ፣ ጉልበቱን በቀስት ያሳያሉ፣ ከዚያ በዳስተር ያጠፉታል። ትምህርቱን አላጣጥልም፤ የአውሮፕላናችን ስሌት ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ግን የሰሌዳ ክንፍ አይሰበርም፤ እጅጌ ላይም አይጣበቅም። እጄ የሚያውቀውን በሙሉ ያገኘሁት እዚህ፣ በመኪና ቀለም ሽታ መሃል ነው። የአውሮፕላን ፋብሪካው በየዓመቱ ጥቂት ተለማማጅ ይወስዳል፤ የፋብሪካው ዋና መሐንዲስ ደግሞ ማርክ ያላቸውን ሳይሆን ሠርተው ያበረሩትን ነው የምፈልገው ያሉ ሴት ናቸው። በዚያ ቀን ረፋድ ላይ የበረራ ክበቡ ሜዳ ድረስ መጥተው የተማሪዎችን ሥራ ሊያዩ ነበር። እኛም ልንበር፣ ማለት ጋሼ ሊበር ነበር።

ፈቃዱን የሚፈርሙት የበረራ ክበቡ መርማሪ ናቸው። ከማንኛውም ነገር በፊት “ቆይ” ስለሚሉ ስማቸውን ቆይ-ቆይ ብለናቸዋል። ግራውን ክንፍ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ አሸዋ አስጭነው ፈትነውት ነበር። ቀኙ ግን በዚያው ስዕል፣ በእነዚያው እጆች የተሠራ ስለሆነ ኩባያዎቹን ሜዳ ላይ ካመጣችሁልኝ ይበቃኛል ብለው ነበር። እሳቸው በጥፍራቸው ሳይፈትሿቸው በፊት እኔ ልፈትሻቸው ብዬ ነው ጠዋት የተንበረከኩት። የመጨረሻዎቹ ኩባያዎች የተሞሉት በፈተና ሳምንቴ ነው፤ ያኔ ለጋራዡ ጊዜ አልነበረኝም። ፈተናዬን ጨርሼ ስመጣ ክንፉ ተዘግቶ ቆየኝ፤ በደስታ ዘልዬ አባዬን ሳምኩት እንጂ መደርደሪያው ጋ አልሄድኩም።

አንዱ ኩባያ፣ ድንጋይ። ቀጣዩ፣ ድንጋይ። ከዚያ ጣቴን ሌላው ላይ አሳረፍኩ።

ጥፍሬ ገባ።

አውጥቼ ሌላ ቦታ ተጫንኩት። ገባ፤ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ምልክቱንም ትቶ ወጣ። ኩባያውን አዞርኩት። “ቀኝ ክንፍ፣ ሥር” ይላል። ሥሩ ማለት ክንፉ ከአውሮፕላኗ አካል ጋር የሚገናኝበት፣ የአብራሪውም የአውሮፕላኗም ክብደት የሚንጠለጠልበት ቦታ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እፎይ እል ነበር። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ሦስት ማዕዘን አለ። የኔ ምልክት፤ እኔ ግን ያንን ኩባያ በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም። ክው አልኩ።

“ካርቶኑን አምጪው እንጂ፣ ሰዓቱ ሄደ!” አለ አባዬ ከውጭ።

ኩባያውን መዳፌ ውስጥ ደበቅኩት። እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እዚያው መዳፌ ውስጥ ሊቀር ይችል ነበር። ካርቶኑ በድንጋይ ኩባያ ሞልቷል፤ አንዷ ብትጎድል ቆይ-ቆይ እንኳ አይደርሱባትም። የፋብሪካው በር ወለል ብሎ ታየኝ። ከዚያ ዞር ስል ጋሼ ተጎታቹ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ነው የሚቋጥረው፤ አንዴ ቋጥሮ፣ ሳብ አድርጎ አይቶ፣ እንደገና። እማዬ ጠዋት በር ላይ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሦስት ሆናችሁ እንደወጣችሁ ሦስት ሆናችሁ ግቡ።

“ጋሼ” አልኩ፣ “የቀኙን ክንፍ ሥር ስትዘጉ ሙጫውን የቀላቀልከው አንተ ነህ?”

እሱ እኮ ያን ሳምንት የማታ ተረኛ እንደነበረ፣ ክንፉንም እንደኔው ተዘግቶ እንዳገኘው ነገረኝ። እኔ የዘጋው እሱ ነው ብዬ፣ እሱ ደግሞ እኔ የዘጋሁት መስሎት ነበር። ፉጨቱ ቆመ። ሁለታችንም ወደ አባዬ ዞርን።

አባዬ እጁን በጨርቁ እየጠረገ መጣ። ፊቱ ላይ ምንም የጥፋት ምልክት የለም፤ እንዲያውም ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር። እሷ ፈተና ላይ፣ አንተ ሥራ ላይ፣ አንድ ጎን ብቻ ተከፍቶ ቢቀር ጊዜ ይፈጅብናል ብዬ ዘጋሁት አለ። እንደ አለቃዬ አድርጌ በሚዛኗ መዝኜ ነው የቀላቀልኩት አለ። ምልክቱስ ስለው ሥራው ያንቺ ነው፣ እኔ በሰው ሥራ ላይ የራሴን ምልክት ለምን አደርጋለሁ አለኝ። ከዚያ ነው ያቺን ቃል የጨመረው።

“ብርድ ነበር” አለ። “ቶሎ እንዲይዝ ብዬ ማጠንከሪያውን ትንሽ ጨመር አደረግኩበት።”

ስቱኮ በብርድ ቀን እንደዚያ ነው የሚደረገው። ይህን የማያውቅ ባትላሜራ የለም፤ ሲበርድ ማጠንከሪያ ጨመር፣ ሲሞቅ ቀነስ። የስቱኮ ማጠንከሪያ ክብሪት ማለት ነው፤ በብዙ ለኮስከው በጥቂት፣ እሳቱ ይያያዛል። የእኛ ሙጫ ግን ክብሪት አያውቅም። የእኛ ሙጫ ጋብቻ ነው፤ ከዚህ ቆርቆሮ አንዱ ከዚያ ቆርቆሮ አንዱን ያገባል፤ አንዱ ወገን ከበዛ የተረፈው ሳያገባ መሃላቸው ሲንከራተት ይኖራል፤ ሙጫውም ዕድሜ ልኩን አይጠናም። አባዬ ሚዛኗን አክብሮ፣ አስተካክሎ መዝኖ፣ ከዚያ ከደግነቱ የተነሳ ያበላሸው በመጨረሻው ጠብታ ነው። እኔም ለምን እንደከለከልኩት አስረድቼው አላውቅም፤ “አትቀላቅል” ብቻ ነበር ያልኩት።

ይህንኑ ስነግረው ኩባያውን ተቀበለኝና በአውራ ጣቱ ተጫነው። የአባዬ አውራ ጣት ግን ጣት አይደለም፤ ከመዶሻ ጋር የኖረ፣ ራሱም መዶሻ የሆነ ነገር ነው። “ይኸው፣ ድንጋይ” አለ። እሱ ዘንድ ሁሉም ነገር ድንጋይ ነው። ጥፍሬን አሳየሁት። ጋሼም በራሱ ጥፍር ሞከረውና ኩባያውን ቶሎ መለሰልኝ።

አባዬ እጁን አልሰጠም። ኩባያው ያልጠናው ያን ሌሊት በሩ አጠገብ ሆኖ ብርድ ስለጠጣ ነው አለ፤ ክንፉ ላይ ግን ቀለም ማድረቂያውን መብራት ሌሊቱን ሙሉ አብርቼበት ነው ያደርኩት። ይህን አላውቅም ነበር። እውነት ሊሆን ይችላል። ጋሼ ክንፉን በጣቱ አንኳኳው፤ ደህና የጠና ነገር ድምፅ ሰጠ። ተያየን። ሜዳው ላይ ሰዎች ይጠብቁናል፣ አውሮፕላኗን የሚጎትታት ማሽን ተከራይተናል፣ ነፋሱም እየተነሳ ነው። በጣም የሚያስፈራው ሦስታችንም የምንፈልገው አንድ ነገር መሆኑ ነበር፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው።

ጋሼ፣ ቆይ-ቆይ ይፍረዱ አለ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። እኚያ ሰውዬ ይህንን ካዩ “ቆይ” ይላሉ፣ ቆይ ካሉ ደግሞ ዘንድሮ አበቃ፤ ልጅቷ ስንት ዓመት የለፋችበት ነገር በአንድ ኩባያ ይቅር እንዴ? ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደኔ ጠጋ አለ።

“አንዷን ኩባያ ተያት” አለኝ።

“አልተዋትም።”

“እኔን አታምኚኝም?”

“ሙጫውን ነው የማላምነው።”

“ልጄን የምገድል ይመስልሻል?”

ደሜ ፈላ። ቁጣዬ ቶሎ ነው፣ ከአባዬ የወረስኩት ነው፤ ሁለታችን ስንጋጭ እማዬ የሚበላ እንደሌለ አውቃ ድስት ትከድናለች። ግን የዚያን ጊዜ ያወጣሁት ቃል በቁጣ የወጣ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ፣ ተመዝኖ ነው የወጣው።

“አውቀህ አይደለም” አልኩት። “ሳታውቅ ትገድለዋለህ።”

ልጅ ለአባቷ የማትለው ቃል ነው። ከአፌ ሲወጣ መልሼ ብውጠው በወደድኩ። አባዬ ፊቱ አመድ መሰለ። ጋሼ “ተይ እንጂ አንቺ” አለኝ። አባዬ ሁለታችንንም ሳያይ ወደ ጋራዡ ጥግ ሄደ፤ የአሸዋ ጆንያዎቹ የተሸፈኑበትን ሸራ በአንድ እጁ ገፎ ጣለው።

“ገልብጡት” አለ። “አሸዋው ይፍረድ።”

ክንፍ ሲፈተን ተገልብጦ ነው። አየር ከሥር ወደ ላይ ነው የሚገፋው፤ አሸዋ ደግሞ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይጫንም፤ ስለዚህ ክንፉ በጀርባው ይተኛና አሸዋው ሆዱ ላይ ይደረደራል። ሥሩን አባዬ ራሱ በበየደው የብረት ማቆሚያ ላይ በብሎን አሰርነው፤ ጫፉ አየር ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ግራው ክንፍ በዚሁ ማቆሚያ ላይ ያ ሁሉ አሸዋ ተጭኖበት ጎበጠ እንጂ ትንፍሽ አላለም ነበር።

ብሎኑን ሳጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ቆይ-ቆይ ናቸው፤ ሜዳ ደርሰዋል፣ የት ቀራችሁ አሉኝ። ቀኙን ክንፍ አሸዋ ልንጭነው ነው አልኳቸው።

“ቆይ” አሉ። “ምን አገኘሽ?”

አንድ ኩባያ ላይ ጥፍሬ ገባ አልኳቸው። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም፤ መጣሁ ብለው ዘጉት። ይኸው ነው፤ ዘንድሮ ያኔ አበቃ። ክንፉ ቢያልፍ እንኳ ሰዓቱ አያደርሰንም። ለአባዬ አልነገርኩትም፤ ነገር ግን ሰምቷል፤ ጆንያውን ያነሳበት እጅ ሲጠብቅ አየሁት።

ጆንያዎቹን እሱ ብቻ ነው የደረደራቸው። ልናግዘው ብንል በክርኑ ገፋን። ከሥሩ ጀመረ፣ እያስተካከለ፣ ልክ ቆይ-ቆይ ያኔ እንዳሳዩን። የመጀመሪያው ረድፍ ተጫነ፤ ክንፉ ትንሽ ሰገደ። ሁለተኛው ረድፍ ተጫነ፤ ጎበጠ፤ ዝም አለ። አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። “አየሽ?” አላለኝም፤ ዓይኑ ግን ብሎኛል። ጋሼም ፈገግ ማለት ጀመረ። እኔ በዚያች ሰዓት ምን እንደተመኘሁ ልንገራችሁ። ይቻለው ብዬ ነው የጸለይኩት። ሞኝ ልሁን፣ ፈሪ ልባል፣ ለአንዲት ኩባያ ብላ ዓመቷን ያቃጠለች ተብዬ ዘላለም ይሳቅብኝ፣ ብቻ አባዬ ትክክል ይሁን።

ሦስተኛው ረድፍ ተጀመረ። ከክንፉ ውስጥ አንድ ትንሽ ድምፅ መጣ፤ ጣት ሲንቋቋ የሚሰማ ዓይነት።

ጆንያው ነው አለ ጋሼ። እኔ አዳመጥኩ። ምንም የለም። አባዬ ሌላ ጆንያ አቅፎ ቆሟል። ጋሼ ድምፁ ከየት እንደመጣ ላዳምጥ ብሎ ጎንበስ አለና፣ “ተው” እንኳ ከአፌ ሳይወጣ፣ ከክንፉ ሥር ገባ። ጆሮውን ወደ ሥሩ አስጠጋ።

ድምፁ ተደገመ። አሁን ግን ሁለት ሦስቴ ተከታትሎ።

ያንን ድምፅ ከእኔ ይልቅ አባዬ ነው የሚያውቀው። ብረት ከመልቀቁ በፊት እንደዚያ ይናገራል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰምቶታል። የያዘውን ጆንያ ለቀቀው፤ ጋሼን ከቱታው አንገት ጨምድዶ እንደ ሕፃን ልጅ ጎትቶ አወጣው፤ ሁለቱም በጀርባቸው ወደቁ። በዚያው ቅጽበት ክንፉ ለቀቀ። የመሰበር ድምፅ አልነበረም፤ ረጅም፣ ትልቅ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ጫፉ ሲሚንቶውን መታ፣ ጆንያዎቹ ተንከባልለው ጋሼ የነበረበት ቦታ ላይ ተከመሩ፤ ሁለቱ ፈንድተው አሸዋቸው በወለሉ ላይ ፈሰሰ።

አቧራው እስኪወርድ ማንም አልተነሳም። አባዬ ጋሼን ደረቱ ላይ እንዳቀፈው ነበር፤ ጋሼ ደግሞ የወንድ ነገር ሆኖ ቀልድ ሊያወጣ ሞከረ። “ከመሞት መሰንበት” አለ። ድምፁ ግን ግማሹ ላይ ተሰበረ።

ተንበርክኬ ሥሩን አየሁት። ደህና የተጣበቀ እንጨት ሲለቅ እንጨቱ ነው የሚቀደደው፤ ሙጫው አይለቅም። እዚህ ግን እንጨቱ ጭረት የለበትም። ኮምፔንሳቶው ከአጥንቱ ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተነስቷል፤ መሃላቸው ያለው ሙጫ ያብለጨልጫል። አባዬ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ። ጣቱን ሙጫው ላይ አደረገ፤ አነሳው፤ ሙጫው ቀጭን ክር ሆኖ ተከተለው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱን አንዴ አገናኘ፣ አንዴ አላቀቀ። የማይሰማው አውራ ጣት ያኔ ሰማ።

“የት ላይ ነበር የሚለቀው?” አለኝ።

ልዋሸው ፈለግኩ። ጋሼን አየሁት፣ ፈንድቶ የፈሰሰውን አሸዋ አየሁት፣ አልቻልኩም።

“ገመዱ ላይ” አልኩት። “ስትነሳ። ገመዱ ሲጎትታት ነው ክንፏ ይበልጥ የሚከብደው።”

አባዬ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሰም። እጁን ግን ቱታው ላይ መጥረግ ጀመረ። ጠረገ፣ ጠረገ፣ ሙጫው ከጠፋም በኋላ ጠረገ። ጋሼ መጥቶ እጁን ያዘለት። ሳታውቅ ትገድለዋለህ ያልኩት አፌ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ትክክል መሆን ያን ያህል እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ቆይ-ቆይ የደረሱት ወለሉን ሳንጠርግ ነው። ክንፉን ዞረው አዩ፣ ሥሩ ላይ ጎንበስ አሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝና ኩባያዋን ሰጠኋቸው። በጥፍራቸው ተጫኗት። “ቆይ…” አሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስከትሉት ቃል ሲያጡ ያየሁት ያኔ ነው። ኩባያዋን አዙረው ሦስት ማዕዘኑን አዩና ይህ የማን ምልክት ነው ብለው ጠየቁ።

“የኔ ነው” አልኩ። ሌላ ምንም ልጨምር አላሰብኩም።

አባዬ ከጆንያው ላይ ተነሳ። ባዳ ፊት፣ በገዛ ጋራዡ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

“ምልክቱ የሷ ነው” አለ። “እጁ ግን የኔ ነው። እሷ ከልክላኝ ነበር።”

ቆይ-ቆይ ለአባዬ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉለት። ወደኔ ዞረው የፋብሪካው መሐንዲስ ሌሎቹን አይተው እንደሚሄዱ፣ ዘንድሮ እንደማይሆን፣ ከርሞ ግን ሜዳው የትም እንደማይሄድ ነገሩኝ። እሺ አልኳቸው። ከሄዱ በኋላ ቀለም መርጫዋ ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ወንድሜ ስለተረፈ ነው ያለቀስኩት ብል ደስ ይል ነበር። ግን ለፋብሪካውም አለቀስኩ፤ ለዓመቱም፤ ሌሎቹ ልጆች በዚያች ሰዓት ሜዳ ላይ እጃቸውን እየጨበጧቸው እንደሆነ እያሰብኩም አለቀስኩ። ሰው አንድ ዓይነት ዕንባ ብቻ ቢኖረው ጥሩ ነበር።

ለምሳ ቤት ስንደርስ እማዬ በሩን ከፍታ ሦስታችንን በዓይኗ ለቀመችን፤ ጋሼ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆየች። በረረች ወይ አለች። አልበረረችም አለ አባዬ። ምነው ብትለው ልጅሽ አስቀረቻት አለና አልፎኝ ሲገባ ያን ከባድ እጁን ራሴ ላይ አሳረፈው። ከጠዋቱ ቃሌ ወዲህ የነካኝ ያኔ ነበር።

ሙጫው መፋቅ ነበረበት። የማይደርቅ ሙጫ መፋቅ እርግማን ነው፤ መፋቂያው ላይ ይጠቀለላል፣ ፀጉር ላይ ይሄዳል፣ ዳቦ ስትበላ ዳቦው ላይ ታገኘዋለህ። አብዛኛውን የፋቀው አባዬ ነው። የደንበኞቹን መኪና ሠርቶ ሲጨርስ ዝም ብሎ መጥቶ ክንፉ አጠገብ ይቀመጣል። ፉጨቱን ትቶታል። እኔ ከትምህርት ስመለስ የማገኘው እዚያው ነው። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም፤ ሁለታችንም ይህን ነገር አናውቅበትም። አንድ ቀን ብቻ፣ መፋቂያውን ሳይለቅ፣ ስለዚያ ጋብቻ ነገር ደግመሽ ንገሪኝ አለኝ። ነገርኩት። ስንቱ ለስንቱ እንደሚዳር፣ ብርድ ሲሆን ክፍሉን ማሞቅ እንጂ መጨመር እንደማይገባ፣ ሁሉንም። ስጨርስ የተረፉት ከርታቶች ያሳዝናሉ አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር።

ሥሩን እንደገና የምናጣብቅበት ቀን ሲደርስ ጓንቴን አጥልቄ ሚዛኗን ሳብኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ሚዛኗን ወደ አባዬ ገፋኋት። አየኝ። የማንበቢያ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ፤ ለመኪና አድርጎት አያውቅም። ዓይኑን ከሚዛኗ ሳይነቅል ቆርቆሮውን አዘነበለ፤ የመጨረሻዋን ጠብታ በእንጨት ጫፍ መልሶ አወጣት። ደህና ቀላቀለ፣ ቀባን፣ በሞርሳ አሰርን። የተረፈውን ኩባያ ውስጥ አፈሰሰና “ቀኝ ክንፍ፣ ሥር” ብሎ ጻፈበት። ከዚያ እርሳሱን እንደያዘ ብዙ ቆየ። ትንሽ መዶሻ ሣለ፤ ስዕል አይችልም፣ ማንኪያ ነበር የሚመስለው።

“ይቺ የኔ ናት” አለኝ። “ነገ ጥፍርሽን ይዘሽ ነይ።”

በማግስቱ ከትምህርት በፊት ሄድኩ። አባዬ ቀድሞኝ ከፍቶ ነበር፤ ጋሼም ከማታ ሥራው በቀጥታ መጥቷል። ኩባያዋን ከመደርደሪያው አነሳሁ። ልቤ ከዚያኛው ጠዋት ይበልጥ ይመታ ነበር፤ ያኔ አላውቅም ነበር፣ አሁን አውቃለሁ። አውራ ጣቴን አሳረፍኩና ተጫንኩ። አልገባም። አላመንኩትም። ሁለተኛ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ተጫንኩ።

ጥፍሬ ከሥሩ ተሰበረ። ደሙ ብልጭ አለ፤ ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

“እሰይ” አለ አባዬ።